የሽሮ ሜዳ ተማሪና ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ

ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ብረቶችን፣ ጨዎችን፣ አሲዶችንና ቤዞችን፣ ማዕድናትንና አብዛኞቹን ጋዞች የሚያጠና የኬሚስትሪ ዘርፍ ነው። በካርቦን ላይ የተመሠረቱት ውሕዶች በአመዛኙ ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተትተዋል፤ የቀረው ሁሉ የኢንኦርጋኒክ ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ በአንድ ምዕራፍ ተሰብስቦ አይገኝም። በአቶም አወቃቀርና በንጥረ ነገሮች አመዳደብ ይጀምራል፤ ወደ ኦክሳይዶች፣ አሲዶች፣ ቤዞችና ጨዎች ይሄዳል፤ ተመልሶ ስለ ቦንድ ጠለቅ ብሎ ያወራል፤ 12ኛ ክፍል ላይ በኤሌክትሮኬሚስትሪና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ይቋጫል። ተማሪው በአራት ዓመት ውስጥ ቁርጥራጩን እየለቀመ ስለሚሄድ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው (ኢንትራንስ) ሲቃረብ ትምህርቱ የማይያያዙ መረጃዎች ክምር ሆኖ ይታየዋል። «ኢንኦርጋኒክ ይሸመደዳል እንጂ አይገባም» የሚለው በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ እምነት የመጣው ከዚህ ነው። እምነቱ ትክክል አይደለም፣ ነጥብም ያስጥላል። በቃል መያዝ ያለበት ነገር አለ፤ ግን ትንሽ ነው። የቀረው ከጥቂት ሕጎች እየተመዘዘ የሚወጣ ነው።

ምህንድስና ለሚመኝ የሽሮ ሜዳ ልጅ መድረሻው በዓይን ይታያል። ሽሮ ሜዳ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ፣ በሐበሻ ልብስ ገበያው የታወቀ ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለረጅም ዘመን ሠርተውበታል። ከዚያ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደው ታክሲ በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ፣ በአምስት ኪሎ ምህንድስና የሚሰጥበትን ግቢ፣ በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢውን እያለፈ ይሄዳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ፈተናው ግን ከባድ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ኩረጃን ለማስቀረት ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እየገቡ ሲፈተኑ፣ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈልግ ደግሞ ከብሔራዊው ውጤት በላይ የተቋማቱን የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። በእንዲህ ያለ ውድድር ውስጥ የኬሚስትሪ ነጥብ በዋዛ የሚጣል አይደለም።

ከሰንጠረዡ መጀመር

ጥናቱ መጀመር ያለበት ከፔሪዮዲክ ቴብል ነው። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ የሚታወቁት ንጥረ ነገሮች 60 ያህል ነበሩ፤ ዛሬ 118 ደርሰዋል። ሜንዴሌቭ ገና ላልተገኙት ቦታ መተው የቻለው፣ ጠባያቸውንም አስቀድሞ የተናገረው፣ ሰንጠረዡ የስም ዝርዝር ስላልነበረ ነው። የሚገዛው ሐሳብ አንድ ነው፤ ኒውክሊየሱ የውጭ ኤሌክትሮኖችን በምን ያህል ኃይል ይይዛል? በአንድ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ፕሮቶን ይጨምራል፣ የኤሌክትሮን ሽፋን ግን ያው ነው። ስለዚህ አቶሙ ይጠባል፣ ኤሌክትሮን መንጠቅም ይከብዳል። በአንድ ቡድን ወደ ታች ሲወርዱ አዲስ ሽፋን ይታከላል፤ አቶሙ ይሰፋል፣ የውጭው ኤሌክትሮንም በቀላሉ ይለቃል። ሶዲየም ውሃ ላይ ሲንጫጫ ፖታሲየም እሳት የሚያስነሳው ለዚህ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ የአቶም ስፋትን፣ የአዮናይዜሽን ጉልበትንና የኤሌክትሮኔጋቲቪቲን አቅጣጫ ለየብቻ አይሸመድድም፤ ሦስቱም የአንድ ነገር ውጤት ናቸው።

ፈታኞች የሚወዱት ግን ሕጉ ሲዛነፍ ነው። የቤሪሊየም የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ጉልበት በሞል 900 ኪሎጁል ሲሆን፣ ከቀኙ ያለው ቦሮን ከፍ ማለት ሲገባው ወደ 801 ይወርዳል። ናይትሮጅን 1402 ሆኖ ኦክስጅን ወደ 1314 ይወርዳል። ቦሮን ላይ የሚነጠቀው ኤሌክትሮን ከ2ኤስ ይልቅ ከኒውክሊየሱ ራቅ ካለው ከ2ፒ ነው። ኦክስጅን ላይ ደግሞ በአንድ ኦርቢታል ሁለት ሆነው የተቀመጡት ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉ አንዱን ማውጣት ይቀላል። ክሮሚየምና መዳብም ከዚሁ ወገን ናቸው። ክሮሚየም 4ኤስ ላይ አንድ፣ 3ዲ ላይ አምስት ኤሌክትሮን ይይዛል፤ መዳብ 4ኤስ ላይ አንድ፣ 3ዲ ላይ አሥር። ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ሌላው ቦታ የብረት (Fe) አዮን ነው። ሲሞላ 4ኤስ ይቀድማል፤ ሲነጠቅም የሚቀድመው እሱ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት ፖዘቲቭ የብረት አዮን 3ዲ ላይ ስድስት ኤሌክትሮን ይኖረዋል፣ 4ኤስ ላይ ምንም። እነዚህ ልዩ ሁኔታዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ከነምክንያታቸው ከተያዙ አይረሱም።

አንድ ቡድን ጠንቅቆ ማጥናት ሌሎቹን እንዴት ማጥናት እንደሚቻል ያሳያል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ለዚህ የሚመቸው ቡድን 17፣ ማለትም የሃሎጂኖች ቤተሰብ ነው፤ አገሩ ውስጥ በየቦታው ያገኛቸዋልና። ፍሎሪን በፍሎራይድ መልክ በስምጥ ሸለቆ ከርሠ ምድር ውሃ ውስጥ በብዛት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ አልፎ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ክሎሪን በአፋር ጨው ውስጥ ነው፤ ከዳናኪል ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። አዮዲን የሚታወቀው በጉድለቱ ነው፤ እጥረቱ በደጋው አገር የእንቅርት መነሻ በመሆኑ ወደ ገበታ ጨው እንዲጨመር ተደርጓል። ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ፍሎሪንና ክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ፈሳሽ፣ አዮዲን ጠጣር ናቸው፤ ሞለኪውሉ በኤሌክትሮን በገዘፈ ቁጥር እርስ በርስ መሳሳቡ ይጠነክራል። የኦክሳይድ ማድረግ ኃይላቸው ግን ወደ ታች ይቀንሳል። ስለዚህ ክሎሪን አዮዲንን ከጨዉ ያስለቅቃል፤ አዮዲን ክሎሪንን አያስለቅቅም። እዚህም ሁለት ማፈንገጦች አሉ። በሁለቱ የፍሎሪን አቶሞች መካከል ያለው ቦንድ ከክሎሪኑ የደከመ ነው፤ አቶሞቹ ጥቃቅን በመሆናቸው በቦንዱ ያልተካፈሉት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ተቀራርበው ይገፋፋሉ። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ደግሞ በሃይድሮጅን ቦንድ ምክንያት በ19.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ከዜሮ በታች በ85 ዲግሪ ይፈላል።

የበረኪናው ጥያቄ

በሽሮ ሜዳ የነጠላና የጋቢ ንጣት ትልቅ ጉዳይ ነው። በየሱቁ የምትገኘው የበረኪና ጠርሙስ የያዘችው በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ጨው ነው፤ የሚሠራውም የክሎሪን ጋዝ በቀዝቃዛና በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሲገባ ነው። ይህ አጸግብሮት የኦክሲዴሽን ነምበርን ለመለማመድ ከሚገኙት ምሳሌዎች ሁሉ የተሻለ ነው። ክሎሪን ብቻውን ሲሆን ነምበሩ ዜሮ ነው። ከአጸግብሮቱ በኋላ ግማሹ በገበታ ጨው ውስጥ ወደ ኔጋቲቭ 1 ይወርዳል፣ ግማሹ በሃይፖክሎራይት ውስጥ ወደ ፖዘቲቭ 1 ይወጣል። አንዱ ንጥረ ነገር ራሱ ኦክሳይድ ሆነ፣ ራሱ ሪዱስድ ሆነ። ቤዙ ትኩስና የጠነከረ ከሆነ ግን ውጤቱ ክሎሬት ነው፤ ክሎሪን ወደ ፖዘቲቭ 5 ይወጣል። ፈተና ላይ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ሃይፖክሎራይቱ ቀለም የሚያጠፋው ኤሌክትሮን በመንጠቅ ነው። የጥጥ ነጠላን ያነጣል፤ የጥለቱን ቀለምም ሳይለይ ያጠፋል፣ ሲደጋገም ክሩን ራሱን ያደክማል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ ስለዚህ ሽንት ቤት ለማጽዳት ከሚሸጡ አሲዶች ጋር መደባለቅ ፈጽሞ አይገባም። ይህን ማወቅ ለፈተናም ለቤትም ይጠቅማል።

ከሽሮ ሜዳ ጥቂት አለፍ ብሎ ቀጨኔ አለ፤ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ሰፈር። የሸክላ አፈር በአመዛኙ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ውሕድ ሲሆን ውስጡ ብረት አለ። አየር በደንብ ሲያገኝ ከተቃጠለ ብረቱ ባለ ሦስት ፖዘቲቭ ሆኖ ቀይ ኦክሳይድ ይሠራል፤ ጀበናው ቀይ ይወጣል። እሳቱ ታፍኖ ጭስ ሲበዛ ግን ኦክስጅን ያጥራል፣ ከብረቱ ከፊሉ ወደ ባለ ሁለት ፖዘቲቭ ይወርዳል፣ ጥላሸትም ይገባበታል፤ ሸክላው ይጠቁራል። ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን በመጽሐፍ ላይ ቀስቶችና ቁጥሮች ናቸው፤ እዚህ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ላይ ይታያሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተ ሙከራ በበቂ ሁኔታ በማይሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪው የመዳብ ጨው ሰማያዊ፣ የባለ ሦስት ፖዘቲቭ ብረት ሃይድሮክሳይድ ቡናማ፣ የሶዲየም ነበልባል ቢጫ መሆኑን ሳያይ በቃሉ ይይዛል። ያላዩትን ቀለም ማስታወስ ከባድ ሸክም ነው፤ ሸክሙን ለማቅለል አካባቢን በኬሚስትሪ ዓይን መመልከት ከሁሉ የረከሰ ዘዴ ነው።

በቃል የሚያዘው

በቃል ሳይያዝ የማይሆነው ይህ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ንጥረ ነገሮች ቢያንስ እስከ ካልሲየም ያሉት በቅደም ተከተል፤ የተለመዱት አዮኖች ስምና ቻርጅ፣ ማለትም ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ አሞኒየምና ቤተሰቦቻቸው፤ የጨዎች መሟሟት ሕግ፤ የብረቶች የንቃት ቅደም ተከተል፤ የዋና ዋና ዝቃጮችና ነበልባሎች ቀለም። ከዚህ በኋላ ስሌት ነው። በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውስጥ የማንጋኒዝ ነምበር ስንት ነው ቢባል፣ ፖታሲየም ፖዘቲቭ 1፣ አራቱ ኦክስጅኖች በድምሩ ኔጋቲቭ 8 ስለሆኑ ማንጋኒዝ ፖዘቲቭ 7 ነው። በፖታሲየም ዳይክሮሜት ውስጥ ክሮሚየም ፖዘቲቭ 6 የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው።

ፋብሪካዎቹ

የ12ኛ ክፍል የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ተማሪ የሚያማርርበት ክፍል ነው፤ ሙቀት፣ ግፊትና ካታሊስት እየተዘረዘረ ይሄዳል። ምህንድስና ለሚያስብ ግን ይህ ክፍል ዋናው ነው፤ የኬሚካል ምህንድስና ሥራ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳየው እሱ ነው።

አሞኒያን እንውሰድ። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሸጋግሮት በ1913 ኦፓው ላይ ምርት ተጀመረ። አጸግብሮቱ ሙቀት አመንጪ ነው፤ ሁለት ሞል አሞኒያ ሲሠራ 92 ኪሎጁል ይወጣል። አራት ሞል ጋዝ ገብቶ ሁለት ሞል ይወጣል። የለ ሻተልዬ ሕግ እንደሚለው ግፊት ሲጨምር ሚዛኑ ሞል ወደሚያንስበት፣ ወደ አሞኒያው ያጋድላል፤ ሙቀት ሲጨምር ግን ወደ ኋላ ይመለሳል። ታዲያ ፋብሪካው ለምን ወደ 450 ዲግሪ ይሞቃል? ከዚያ በታች ምርቱ በመጠን ጥሩ ቢሆንም ፍጥነቱ በጣም ይዘገያል። ቁጥሩ ምርትንና ፍጥነትን የሚያስታርቅ ስምምነት ነው፤ የብረት ካታሊስት ፍጥነቱን ያግዛል፣ 200 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት ምርቱን ያግዛል። ካታሊስት ሚዛኑን አይቀይርም፣ ሚዛኑ ላይ የሚደረስበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ፤ ይህች አንዲት ሐረግ በየዓመቱ ስንት ተማሪ ታስታለች። ይህን ያመዛዘነ ሰው 450ን እና 200ን ቢረሳ እንኳ ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን ያወጣል። ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም፤ ገበሬው የሚጠብቀው ዩሪያ ከአሞኒያ የሚሠራ ነው፣ አገሪቱም ለረጅም ዘመን በውጭ ምንዛሪ ስትገዛው ኖራለች።

ሰልፈሪክ አሲድም እንዲሁ ነው። ሰልፈር ይቃጠላል፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ላይ በ450 ዲግሪ አካባቢ ወደ ትራይኦክሳይድ ይለወጣል። እዚህ ግፊት መጨመር አያስፈልግም፤ በተለመደው ግፊት እንኳ ከ95 በመቶ በላይ ስለሚለወጥ ወጪው አያዋጣም። ትራይኦክሳይዱ በቀጥታ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ሊሰበሰብ የማይችል የአሲድ ጉም ይፈጥራልና፤ መጀመሪያ በጠነከረ ሰልፈሪክ አሲድ ተይዞ ኦሊየም ይሆናል፣ ከዚያ በውሃ ይቀጥናል። ይህ ሥራ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው አዋሽ መልካሳ ባለው የአሉሚኒየም ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ሲሠራ የኖረ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት የድፍርስ ውሃ ማጣሪያ ነው፤ ባለ ሦስት ፖዘቲቩ የአሉሚኒየም አዮን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የጭቃ ቅንጣቶች አሰባስቦ ያዘቅጣቸዋል።

ሶዲየም ካርቦኔት ላይ የኢትዮጵያ ምሳሌ ከመጽሐፉ ይለያል። መጽሐፉ የሚያስተምረው የሶልቬይን ዘዴ ነው፤ ጨው፣ አሞኒያና የኖራ ድንጋይ የሚጠይቀውን። በስምጥ ሸለቆው የአብያታ ሐይቅ ግን ውሃው ራሱ ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ስለያዘ በኩሬ ተንጣሎ በፀሐይ ሲደርቅ ኖሯል። ተፈጥሮ ሥራውን ቀድማ ጨርሳለች፤ ዋጋው ግን ሐይቁ ላይ ይታያል። ውሃ መሳቡ ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ከሚወሰደው ጋር ተደምሮ የአብያታን መሸሽ ካፋጠኑት ምክንያቶች አንዱ ነው። የአካባቢ ኬሚስትሪ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መግባቱ ተገቢ የሚሆነው እንዲህ ያለውን ነገር ለማስላት ነው።

ስለ ሲሚንቶ ማወቅ የሚበቃው ይህ ነው፤ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ አካባቢ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ ኖራ ይሆናል፣ ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሲግል ክሊንከር ይሠራል። የሙገር ፋብሪካ ይህን ሲሠራ ኖሯል።

ብረቶችን ከማዕድናቸው ማውጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል። መመሪያው የንቃት ቅደም ተከተል ነው። ከካርቦን በታች ያሉት፣ እንደ ብረትና ዚንክ፣ በካርቦን ይለቀቃሉ። ከካርቦን በላይ ያሉት ግን ኦክስጅናቸውን ለካርቦን በቀላሉ አይሰጡም፤ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋቸዋል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚቀልጠው በ2072 ዲግሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ ተለያይተው ያገኙት ዘዴ በቀለጠ ክራዮላይት አሟሙቶ በ950 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ አስቻለ። ያም ሆኖ አንድ ቶን አሉሚኒየም 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ወርቅ በሌላኛው ጫፍ ነው። ከሌሎች ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ በአመዛኙ ለብቻው ይገኛል፤ ደቃቁን ከድንጋይ ለመለየት ግን በለገደንቢ የወርቅ ማውጫ እንደተደረገው ሳይናይድ ያስፈልጋል፤ ወርቁ ከሳይናይዱ ጋር ኮምፕሌክስ አዮን ሠርቶ ይሟሟል።

ማታ ማታ

የኢንትራንስ ወራት ለሽሮ ሜዳ ቤተሰብ ቀላል አይደሉም። ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ ገበያው ይጨናነቃል፣ ሱቅ ያለው ወላጅ የልጁን እጅ ይፈልጋል፤ ሸማኔው ቤት ደግሞ ድውር የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። ጥናቱ የሚቀረው ለማታ ነው። ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሲገባ ፈተናው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። በቲቶሪያል ክፍሎች አንድ ጥያቄ ከአፍ አይጠፋም፤ «ቲቸር፣ ይሄ ኢንትራንስ ላይ ይመጣል?» ጥያቄው የጭንቀት ነው፤ ጊዜ አጥቶ የሚጠይቅ ልጅ አይወቀስም። ትክክለኛው መልስ ግን የሚመጣው ርዕስ ሳይሆን የአስተሳሰቡ መንገድ መሆኑን ማሳየት ነው።

ለእንዲህ ያለ ጠባብ ሰዓት የሚያዋጣው ደጋግሞ ማንበብ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ያነበቡትን ጽሑፍ ከማስታወሻ ሳይመለከቱ ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ፣ መልሰው ካነበቡት የበለጠ አስታውሰዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሲለኩ ግን ደጋግመው ያነበቡት ይሻሉ ነበር። ሸምዳጅ ተማሪ ማታ የቻለው የሚመስለው፣ ጠዋት የሚጠፋበትም ለዚህ ነው። በኢንኦርጋኒክ ላይ ይህ ማለት፦ መጽሐፉን ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ ሰንጠረዡን መሳል፣ የአንድ ቡድንን ጠባይ ከነምክንያቱ መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ ማረም፤ በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መድገም።

ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ትልቅ ሀብት ናቸው፤ አጠቃቀማቸው ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። «መልሱ ሲ ነው» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን መግደል ነው። ከአንድ ጥያቄ አራት ትምህርት ይገኛል፤ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ሦስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለምን እንደማይሆኑ። የተሳሳቱትን ጥያቄ በደብተር ማኖር፣ ስሕተቱ ካለማወቅ፣ ከስሌት ወይስ ከጥያቄው እንግሊዝኛ እንደመጣ መለየት ይጠቅማል። የመጨረሻው ቀላል አይደለም። «የማይሆነው የትኛው ነው» የሚል ጥያቄን «የሚሆነው» ብሎ ያነበበ ተማሪ ኬሚስትሪውን እያወቀ ይወድቃል።

በፈተናው ሰዓት በአንድ እይታ የሚመለሱትን መጀመሪያ መሥራት፣ ስሌት የሚፈልጉትን የስቶይኪዮሜትሪና የኤሌክትሮሊሲስ ጥያቄዎች ወደ ኋላ ማቆየት ይበጃል። በኤሌክትሮሊሲስ ጥያቄ የሚያድነው የፋራደይ ቁጥር ነው፤ አንድ ሞል ኤሌክትሮን 96,500 ኩሎም ያህል ነው። የአሉሚኒየም አዮን ሦስት ኤሌክትሮን ስለሚፈልግ አንድ ሞል አሉሚኒየም የዚህን ሦስት እጥፍ ቻርጅ ይጠይቃል።

ከፈተናው በኋላ

ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከፈተናው በኋላም ከምህንድስናው ጋር ይኖራል። የሲቪል መሐንዲሱ ሲሚንቶ፣ የመካኒካሉ የብረት ውህደትና ዝገት፣ የኤሌክትሪካሉ ሲሊከንና ባትሪ፣ የውሃ መሐንዲሱ ክሎሪንና አሉሚኒየም ሰልፌት ከዚህ ትምህርት የሚነሱ ናቸው። ርቀቱን ለመለካት አንድ ኢትዮጵያዊት መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኢትዮጵያ የተወለደችው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የግዕዝ ጽሑፎች ሊቅ የነበሩት የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለ ጠጣር አሲድ በነዳጅ ሴል ውስጥ ፕሮቶን አስተላላፊ ሆኖ ሊሠራ እንደሚችል አሳየች። ሥራው ለዓመታት የተደከመበት ነው፤ የጨዉ ቀመር ግን ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ባዕድ አይደለም። ሲዚየም በቡድን 1 ከፖታሲየምና ከሩቢዲየም በታች የተቀመጠ፣ አንድ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቅ ብረት ነው፤ ሃይድሮጅን ሰልፌት ሰልፈሪክ አሲድ አንድ ፕሮቶን ሲሰጥ የሚቀረው ባለ አንድ ኔጋቲቭ አዮን ነው፤ በውስጡ ያለው ሰልፈርም ፖዘቲቭ 6 ነው።